እማማ ሸዋረገድ ሲገቡ የሚጠፋው ቦይለር

ይሄን ታሪክ ሳልነግራችሁ ብቀር ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ እንጀራም አያስበላኝም፣ ስለዚህ ዛሬ ቁጭ ብያለሁ። ስለ አንድ ሰው ነው። ያለው ይባላል፣ እዚሁ አሜሪካ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖረው፣ የቤት ማሞቂያ ይጠግናል። ታዋቂ ሰው አይደለም፣ ቲቪ ላይ አታዩትም፣ ግን ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ዊንተር ላይ ቤቱ ቀዝቅዞበት ለሱ ያልደወለ አበሻ ጥቂት ነው። እኔ ትምህርቴን ስምንተኛ ላይ የተውኩ ልጅ ነኝ፣ አጻጻፌን አትዩብኝ፣ ነገሩን ብቻ ተከተሉኝ።

የሆነው 2014 ላይ ነው፣ ያ ብርዱ ጉድ ያሰኘበት ዊንተር። ያኔ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ክፍል ተከራይቼ ነበር የምኖረው። ሥራዬ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር። ቤቱ የአክሊል ነው። አክሊል ታክሲ ነጂ ነበር፣ ሚስት አላገባም፣ ከእናቱ ከእማማ ሸዋረገድ ጋር ላይ ይኖራሉ፣ እኔ ታች። የኔ ክፍልና የቦይለሩ ክፍል ግድግዳቸው አንድ ነው።

ቦይለር ለማያውቅ ሰው፣ ቤዝመንት ውስጥ የሚቀመጥ የብረት ሳጥን በሉት። በጋዝ ውሃ ያሞቃል፣ ፓምፑ ደግሞ ያንን ሙቅ ውሃ በቧንቧ እየገፋ በየክፍሉ ግድግዳ ስር ወዳሉት ራዲያተሮች ይልከዋል። አየር አይነፋም፣ ውሃ ነው የሚዞረው። ሊነሳ ሲል «ጠቅ» ይላል፣ ከዚያ ትክ ትክ ትክ፣ ከዚያ ጋዙ «ውፍ» ብሎ ይያያዛል። ሌላው ሰው በሬዲዮ ይተኛል፣ እኔ በሱ ነበር የምተኛው።

ያለውን ያወቅኩት በዚሁ ቦይለር ነው። እሱና አክሊል የድሮ ጓደኛሞች ናቸው፣ አብረው ነበር ታክሲ የሚነዱት። 2007 አካባቢ ይመስለኛል የአክሊል ቦይለር አልነሳ ብሎ፣ ሁለቱ ጃኬታቸውን እንደለበሱ ሽፋኑን ከፍተው ውስጡን ሲያዩ፣ ያለው በቃ፣ ያዘው! ሽቦዎቹን ሲያይ እዚያው ፍቅር ያዘው ነው የምላችሁ። አክሊል ሲተርብ እሰማው ነበር፦

«ይሄ ሰውዬ ቆንጆ ሴት ሲያይ እንዲህ አልሆነም እኮ! እኔ የተበላሸ ማሞቂያ አሳየሁት፣ እሱ እጮኛ አገኘ!»

ከዚያ ያለው ማታ ማታ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገባ፣ ቀን ታክሲ። እዚያ የተማረውን የሚሞክረው እዚህ ቤት ነው። አክሊል መብራቱን ያጠፋለታል፣ ያለው የመቆጣጠሪያውን ሳጥን ይፈታል፣ ሽቦውን አንድ በአንድ ያወጣል፣ መልሶ ይገጥማል። አክሊል ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ «እሳት ካስነሳህ ማዘር ናት የምትገድልህ፣ እኔ የለሁበትም» እያለ ያየዋል። የገዛ ቤቱን ማሞቂያ ለልምምድ የሚሰጥ ጓደኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ያለው ላይሰንሱን ሲያገኝ ቦይለሩ ጎን ላይ በማርከር ስሙንና ስልኩን ጻፈበት።

አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሲሠራ ሳየው «ጋሽ ያለው፣ ይሄ ሁሉ ሽቦ ምንድነው?» አልኩት።

«መጀመሪያ ጋሽ የሚለውን ተይው፣ ገና አርባም አልደፈንኩ» አለኝ። ከዚያ አስረዳኝ። ያስረዳኝን እስካሁን አልረሳሁትም። «ሽማግሌ ልከሽ ልጅ ስትጠይቂ አባቷ እሺ ይላል፣ እናቷ እሺ ትላለች፣ አጎቷ እሺ ይላል። አንዱ እንቢ ካለ ሰርግ የለም። ይሄም እንደዚያ ነው። ላይ ሳሎን ግድግዳ ላይ ያለው ቴርሞስታት ቤቱ ሲበርድ ‘ሙቀት ስጡኝ’ ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው በነዚህ ሁለት ቀጭን ሽቦዎች ይወርዳል። ከዚያ ይሄኛው ‘ውሃው ከመጠን በላይ አልሞቀም’ ይላል፣ ያኛው ‘ጭሱ በደንብ እየወጣ ነው’ ይላል። ሁሉም እሺ ሲሉ ጋዙ ይከፈታል። አንዱ እንቢ ካለ እሳት የለም። የኔ ሥራ ማነው እንቢ ያለው ብሎ መጠየቅ ነው።»

እኔ እኮ ፊዚክስ የሚባል ነገር ያስለቅሰኝ ነበር። እንዲህ ብሎ የሚያስተምር ቢኖር ትምህርት እተው ነበር?

እና በዚያ ጃንዋሪ አክሊል ሞተ። ድንገት። ልብ ነው አሉ። ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነ፣ ሰው በሰው ላይ። ያለው ግን የለም። ብርዱ ቧንቧ የሚያፈነዳበት ሳምንት ስለነበር የሚሠራበት ድርጅት ሪችመንድ ልኮት ነበር፣ መርዶውን የሰማው ከቀብር በኋላ ነው። ተመልሶ መጣ፣ ለቅሶ ግን አልደረሰም። ዛሬ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ሲል ቀኑ አለፈ። እኛ ዘንድ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ለቅሶ በቆየ ቁጥር እግር ይከብዳል። የሩቅ ሰው ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ሳምንትም ገብቶ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብሎ ይወጣል። የልብ ጓደኛ ሲሆን ግን በየትኛው ፊት?

ለቅሶኛው ጋብ ሲል ቤቱ መብረድ ጀመረ። ጉድ የሆነ መብረድ። የሚገርመው ሁልጊዜ አይደለም። እማማ ሸዋረገድን በየጠዋቱ ጎረቤታችን ጋሽ ቢራቱ በመኪናው ኪዳን ያደርሳቸዋል። እሳቸው ሲወጡ ቦይለሩ «ጠቅ፣ ትክ ትክ፣ ውፍ» ብሎ ይነሳና ቤቱን ያሞቀዋል። እሳቸው ይመለሳሉ፣ ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል፣ ከዚያ እስከ ማታ ድረስ ዝም። ቴርሞስታቱን እስከ መጨረሻው ባዞረው ምንም። ጋሽ ቢራቱ ጨዋታ ስለሚወድ አላስቀመጣቸውም፦

«እትዬ፣ ቦይለሩ እርስዎን ይፈራል እኮ። ሲወጡ ይዘፍናል፣ ሲገቡ አፉን ይይዛል።»

«ዝም በል አንተ።»

«ደሞ ደብረ ብርሃን ተወልዶ ብርድ መፍራት ምንድነው?»

«የደብረ ብርሃን ብርድ ውጭ ነው የሚቀረው» አሉት እማማ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ። «ይሄኛው ገብቶ አብሮን ይቀመጣል።»

ይሄ ሁሉ ሳቅ ነው፣ ሳቅ ያልሆነው ጸዳለ ናት። ጸዳለ የእማማ ልጅ፣ የአክሊል እህት፣ አሌክሳንድሪያ አፓርትመንት ውስጥ ከልጆቿ ጋር ትኖራለች። መጥታ እናቷ ሳሎን ውስጥ ኮትና ጋቢ ደርበው ሲያስሉ ስታያቸው ፊቷ ተለዋወጠ።

«እማዬ፣ በቃ። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ልብስሽን ይዘሽ እኔ ጋ ትሄጃለሽ።»

«አርባው ሳይወጣ የልጄን ቤት ዘግቼ የት ነው የምሄደው?»

«እኔ ጋ ነዋ! እኔስ ልጅሽ አይደለሁ?»

«ሰው ገና እየመጣ ነው ጸዳለ። ከሩቅ የሚመጣ አለ። መጥቶ በሩ ተዘግቶ ቢያገኘውስ? አክሊል ሰው የሌለው ይመስላል እኮ።»

«ሰው ሰው ስትይ አንቺንም ልንቀብርሽ ነው!»

እማማ ማታ ታች ድረስ ወርደው የኔን በር አንኳኩ። «ቤዚ ልጄ፣ ይሄን ነገር የሚያውቅ ሰው የለሽም? እስከ አርባው ብቻ ይቆምልኝ። ከዚያ እንደፈለጉ ያድርጉኝ።»

ቦይለሩ ጎን ላይ የተጻፈውን ስልክ አየሁና ኮል አደረግኩ።

«ያለው፣ ቤዚ ነኝ። የአክሊል ቤዝመንት።»

«እማማ ደህና ናቸው?» አለ።

«ብርድ ሊገድላቸው ነው። ቦይለሩ ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ እንቢ ይላል። ቅዳሜ ድረስ ካልተሠራ ጸዳለ ልትወስዳቸው ነው፣ እሳቸው ደግሞ ከአርባው በፊት አልወጣም ብለዋል።»

«ጠዋት ኪዳን ይሄዳሉ አይደል?»

«አዎ፣ በየቀኑ።»

«እንደወጡ እመጣለሁ። የቤዝመንቱን የጓሮ በር ክፈችልኝ። ያለው ነው የመጣው ብለሽ ደግሞ እንዳትነግሪያቸው።»

መጣ። በቀጥታ ሳጥኑን ከፈተ። ቦይለሩ እንደ ሰዓት እየሠራ ነው! ሁሉንም ለካ፣ ሁሉም እሺ ይላል። የላሉ ሽቦዎች አጠበቀ፣ እሳቱን የምትጠብቀዋን ቀጭን ዘንግ አውጥቶ አጸዳ፣ ሄደ። እማማ ተመለሱ፣ ቤቱ በረደ።

በማግስቱም እንደዚያው። ይሄን ጊዜ ከሳጥኑ ውስጥ አንድ ዕቃ ቀየረ።

«ላይ ያለው ቴርሞስታት ደህና ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው። ሳዞረው ይዞራል።»

«ግድግዳው ላይ አልላላም?»

«አልላላም። ራስህ ለምን ወጥተህ አታየውም? ማንም የለም እኮ።»

ደረጃውን ቀና ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ። ሰው የሌለበት ሳሎን እንኳን አልደፈረም። እኔም አላስገደድኩትም፣ የሀዘን ነገር ነው።

አርብ ጠዋት ስኖው ጣለ። እማማና ጋሽ ቢራቱ እንደ ልማዳቸው ወጡ፣ ያለው በጓሮ ገባ፣ ቦይለሩ ሞቆ እየሠራ ነው። ያለው ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። «ዛሬ እስኪጠፋ ድረስ አልነሳም፣ ሲጠፋ በዓይኔ ማየት አለብኝ» አለ። ብዙም አልቆየ የላይኛው በር ተከፈተ። መንገዱ ተበላሽቶባቸው ከመሃል ተመልሰዋል። ያለው እጁን አፉ ላይ አድርጎ ድምፅ እንዳላሰማ ምልክት ሰጠኝ። የእማማ እርምጃ ከራሳችን በላይ ይሰማል፣ ወዲህ ሄዱ፣ ቆሙ፣ ወዲያ ሄደው ተቀመጡ።

እና ትንሽ ቆይቶ፣ ጠቅ። እሳቱ ጠፋ። ያለው ዘሎ ተነሳ፣ መብራቱን አብርቶ ሳጥኑን አየ። አንድ አጭር ሽቦ አወጣና ከላይ የሚመጡት ሁለቱ ቀጭን ሽቦዎች የሚታሰሩበትን ቦታ በሱ አገናኘው። ውፍ! ቦይለሩ ተነሳ። ሽቦውን አወጣው፣ ጠፋ።

«ከታች ማንም እንቢ አላለም» አለኝ በሹክሹክታ። «ሁሉም እሺ ብለዋል። ጥያቄው ነው ያልወረደው። ላይ ያለው ቴርሞስታት ‘ቤቱ ሞቋል’ እያለ ነው።»

«እማማ ኮት ደርበው ተቀምጠዋል እኮ!»

«አውቃለሁ። ሂጂና እይልኝ።»

«ሦስት ቀን ሙሉ አየሁልህ። ምን እንደምፈልግ መች አውቃለሁ?»

በዚህ መሃል እማማ ከላይ ተጣሩ። «ቤዚ! ታች ከማን ጋር ነሽ?»

ያለው የጓሮውን በር አየ። እኔም እሱን አየሁት። ስኖው ውስጥ ገብቶ መሄድ ይችል ነበር፣ ነገ ቅዳሜ ነው፣ ጸዳለ መጥታ ትወስዳቸዋለች፣ ነገሩ ያበቃል። ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ደረጃውን መውጣት ጀመረ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሽማግሌ።

እማማ ሲያዩት ከተቀመጡበት አልተነሱም። «ያለው?»

«አዎ እማማ።»

«በጓሮ ነው እንዴ የምትገባው? ሌባ ነህ?»

«አፍሬ ነው እማማ።»

«ታዲያ ያፈረ ሰው በታች ነው የሚመጣው? እኔ እኮ በየቀኑ በር በተንኳኳ ቁጥር አንተ ነህ እላለሁ።»

ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። እሳቸውም ራሱን ይዘው አለቀሱ፣ የመጀመሪያ ቀን እንዳለቀሱት አድርገው፣ የአክሊልን ስም እየጠሩ። እኔ በር ላይ ቆሜ፣ ጋሽ ቢራቱ እንኳን ቀልዱን ትቶ መስኮት መስኮት እያየ። ሲበቃቸው «ተቀመጥ፣ እንደ ሰው ተቀመጥ» አሉት። ለቅሶ የሚደርስ ሰው በሚቀመጥበት ቦታ ተቀመጠ፣ ከአክሊል ፎቶ ፊት ለፊት።

ፎቶው ተለቅ ያለ ነው፣ የጫማ መደርደሪያው ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ከጎኑ በብርጭቆ ውስጥ ወፍራም ሻማ ይነዳል። ያለው እንባውን እየጠረገ ፎቶውን ሲያይ ሲያይ ቆየና ዓይኑ ከሻማው ተነስቶ ወደ ላይ ወጣ። እዚያው፣ ከሻማው በላይ፣ ግማሹ በፎቶው ጠርዝ የተሸፈነ ክብ ነገር ግድግዳው ላይ አለ። ቴርሞስታቱ!

ተነሳ። መዳፉን ከሻማው በላይ ከፍ አድርጎ ቴርሞስታቱ አጠገብ ያዘ። ከዚያ ፊቱን ወደኛ አዞረ፣ ሊስቅ ነው ሊያለቅስ ነው አላወቅንም።

«እማማ፣ ኪዳን ሲሄዱ ይሄን ሻማ ምን ያደርጉታል?»

«አጠፋዋለሁ። አክሊል ባዶ ቤት እሳት ትተሽ እንዳትሄጂ ይለኝ ነበር። ስመለስ እለኩሰዋለሁ።»

ገባችሁ? ሻማው ሲበራ ሙቀቱ በቀጥታ ወደ ቴርሞስታቱ ይወጣል። እሱ ምስኪን ቤቱ በሙሉ የሞቀ ይመስለዋል፣ ስለዚህ አይጠይቅም። እማማ ሻማውን አጥፍተው ሲወጡ ይበርደዋል፣ ይጠይቃል፣ ቤቱ ይሞቃል። ያለው ደግሞ እሳቸውን ፈርቶ የሚመጣው ሻማው በሚጠፋበት ሰዓት ብቻ! በፊት ለፊት በር ገብቶ አንዴ ቁጭ ቢል ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ባየው። እኛም ሁላችን በዚያ ግድግዳ ስንመላለስ ከርመናል፣ ግን ለቅሶ ቤት ውስጥ ሻማ ምኑ ይታያል? እንደ ወንበሩ ነው።

ጋሽ ቢራቱ ጭኑን መታ። «እና ቤቱን ያበረደው እሳት ነው በሉኛ!» ከዚያ ተነስቶ ሻማውን ሊያነሳ እጁን ዘረጋ። «በሉ ይሄን ወዲያ ጥግ እናድርገው፣ አለቀ።»

እማማ ፎቶውን አዩት። «እዚያ ያቆምኩት የገባ ሁሉ መጀመሪያ እሱን እንዲያይ ብዬ ነው» አሉ። ከዚያ እንደምንም ብለው ተነሱ። «ግን ይነሳ ካላችሁ ይነሳ። ምን አደርጋለሁ።» ፎቶውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

ያለው ቀስ ብሎ እጃቸውን ያዘው። «እማማ፣ እሱ የትም አይሄድም። የሚሄደው ይሄኛው ነው» አለና ቴርሞስታቱን በጣቱ አሳየ።

ጋሽ ቢራቱ «ሻማ ማንሳት እያለ ግድግዳ ትበሳለህ?» አለው።

«እበሳለሁ።»

ቀኑን ሙሉ ሠራ። ወደ ሥራዬ ኮል አድርጌ ስኖው ነው አልኳቸው፣ ውሸት አይደለም። ቴርሞስታቱን ፈታው፣ ከራዲያተርና ከመስኮት ራቅ ያለ፣ ሻማም ጸሐይም የማይደርስበት ግድግዳ መረጠ፣ በምግብ ጠረጴዛው በኩል። ግድግዳውን በሳ፣ ታች ወርዶ በቤዝመንቱ ጣሪያ በኩል አዲስ ሽቦ ጎተተ፣ እኔ ላይ ሆኜ ጫፉን ያዝኩ። ሽቦው ቀጭን ነው፣ የሚሄድበት ኤሌክትሪክም ትንሽ ነው፣ ብትነኪው አይገድልም አለኝ። ሁለት ቀጭን ሽቦ እኮ ነው፣ ቤት ሙሉ ሰው የሚያሞቀው። እያንዳንዱን ጫፍ ሲያስር እንዴት እንደተጠነቀቀ ብታዩ! ሲሠራ አንዳንዴ ብቻውን ያወራል፣ ያን ቀን ግን ከአክሊል ጋር የሚያወራ ነው የመሰለኝ።

ሲጨርስ ሻማው እየነደደ፣ ፎቶው እንደቆመ፣ ከታች ያ ድምፅ መጣ። ጠቅ፣ ትክ ትክ ትክ፣ ውፍ። ራዲያተሮቹ ሲንቋቁ ሁላችን አዳመጥን። እማማ እጃቸውን ራዲያተሩ ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ።

ቅዳሜ ጸዳለ ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች። ከእናቷ ጋር ለመጣላት ተዘጋጅታ ነው የገባችው፣ ፊቷ ያስታውቃል። ገብታ ቆመች። ከዚያ ሳታስበው ኮቷን አወለቀች፣ ስካርፏንም።

«ማነው የሠራው?» አለች።

«ያለው» አሉ እማማ።

«የትኛው ያለው? ያ ለቅሶ እንኳን ያልደረሰው?»

እማማ ቀና ብለው አዩዋት። «ደርሷል» አሉ። ጸዳለም ሻንጣውን በር ጥግ አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠች፣ ከዚያ በኋላም ስለመሄድ አላነሳችም።

አርባው እዚያው ቤት ወጣ። ከኦሃዮ ሁሉ የመጣ ሰው ነበር፣ በሩ ክፍት ሆኖ አገኘው። ስፕሪንግ ሲገባ እማማ ራሳቸው «አሁን እሄዳለሁ» ብለው አሌክሳንድሪያ ጸዳለ ጋ ገቡ፣ ማንም ሳይጎትታቸው። ያለውም እዚያው ስለሆነ እሁድ እሁድ ይጠይቃቸዋል አሉ። ቤቱ ተሸጠ፣ እኔም ሌላ ቤት ተከራየሁ። ይሄኛው ቤት አየር የሚነፋ ማሞቂያ ነው ያለው፣ አልወደድኩትም።

እኔ የማስበው ግን ያን በጓሮ የገባባቸውን ጠዋቶች ነው። ሰው ማየት ያፈረበት ቦታ ላይ ነው ለካ ነገሩ የተቀመጠው። ዕቃ የቀየረው፣ ሽቦ ያጠበቀው፣ ሁሉም ደህና የነበሩትን ነው። እና ደግሞ ብዙ ሰው ያን ሻማ አንስቶ ጥግ አድርጎ ይሄድ ነበር፣ ጥፋትም አይደለም፣ ቤቱም ይሞቅ ነበር። ያለው ግን እንደዚያ አላደረገም። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም፣ የሚጠየቅም አልመሰለኝም።

እስቲ እናንተም ንገሩኝ፦ ለቅሶው ካለፈባችሁ በኋላ እግራችሁ የከበደባችሁ ቤት አለ? ገባችሁ ወይስ እስካሁን እየዞራችሁት ነው?